ፊደሉ ሳይጎድል የጠፋ መጽሐፍ

መጽሐፍ ሲበላሽ ይታያል፤ ብል ይበሳዋል፣ ውኃ ቀለሙን ያፈሰዋል። የዳታቤዝ ፋይል ግን ከዲስክ ላይ አንዲት ቢት ብትገለበጥበት ስሙም መጠኑም እንዳለ ነው፤ የአንድ ሰው ዕዳ ወይም የልደት ቀን ብቻ ሌላ ሆኖ ይገኛል። እኔን ወደዚህ ነገር ታሪክ የሳበኝ ይህ ዝምታው ነው።

ሪቻርድ ሃሚንግ በ1940ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ ነበር። ለቅዳሜና እሑድ ትቶት የሚሄደውን ስሌት ማሽኑ ስሕተት ባየ ቁጥር እየጣለ ወደ ሌላው ሥራ ያልፍበታል። ስሕተት መኖሩን ካወቀ የት እንዳለም ማወቅ እንዲችል ብሎ ተነሣ፤ በ1950ም ስሕተትን የሚያርም ኮድ አሳተመ።

የዳታቤዝ ሰዎች ግን በአብዛኛው ማወቁ በቃን አሉ። ፖስትግሬስ በ2013 በወጣው 9.3 እትሙ፣ እያንዳንዱ የ8 ኪሎባይት ገጽ በራስጌው 2 ባይት የምትይዝ የማረጋገጫ ድምር እንዲሸከም ፈቀደ። ድምሯ የገጹንም ተራ ቁጥር ስለምትጨምር፣ ያለቦታው የተጠረዘ ቅጠልም ይጋለጣል። በ2018 ድምሮቹን የሚፈትሽ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ መጣ፤ በ2019 ፒጂ ቼክሰምስ ተባለ። ዳታቤዙ በወጉ ተዘግቶ ሳለ ገጽ በገጽ ያነባል፣ ድምሩን እንደገና ያሰላል፣ ከተጻፈው ጋር ያስተያያል፤ በመጨረሻም የተበላሹትን ቆጥሮ ይናገራል። ይህ ጥበቃ ሳይጠየቅ የሚሠራ የሆነው በ2025 በ18ኛው እትም ነው። ፍጥነት ይቀንሳል ተብሎ ይህን ያህል መቆየቱ፣ እንደ እኔ ከሆነ፣ ቅድሚያው የተገለበጠ ነበር።

ይሁንና ዜሮ ብልሽት ተብሎም መዝገብ ሊጠፋ ይችላል። በ2018 ብዙ የሊኑክስ ስርዓቶች የሚመኩበት ጂሊብሲ በ2.28 እትሙ የቃላትን የአደራደር ቅደም ተከተል ለወጠ። ቀድሞ የተሠሩት ኢንዴክሶች በአሮጌው ተራ ተደርድረው ቀሩ፤ ፈላጊው ግን በአዲሱ ተራ ይፈልጋል። አንባቢ ሆይ፣ በሀለሐመ አድገህ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ከፍተህ ታውቃለህን? እርሳቸው በአበገደ ነው የደረደሩት። ይህን ሳያውቅ ገጹን የሚገልጥ ሰው፣ ቃሉ ከመጽሐፉ ውስጥ እያለ የለም ብሎ ይዘጋዋል። ዳታቤዙም እንዲሁ የለም ይላል፤ የለም ስላለም ያንኑ ስም ሁለተኛ ጊዜ ይመዘግባል።

ድምር ይህን አያይም፤ እያንዳንዷ ባይት እንደተጻፈች ናትና። በ2021 ከ14ኛው እትም ጋር የወጣው ፒጂ አምቼክ ግን የኢንዴክሱን ቃላት ከጎረቤቶቻቸው ጋር እያነጻጸረ ተራቸውን ይፈትሻል። ኢንዴክሱን በአንድ ትእዛዝ እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል። ሁለት ጊዜ ከተመዘገቡት ስሞች የትኛው ይቅር የሚለውን ግን ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይለያል።