ሲጎላ ሁሉ አይጠራም፦ የወባ ፎቶዎች ታሪክ

ጫግኒ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ጣቱን ይወጋና ጠብታ ደሙ ስላይድ ላይ ይቀባል። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ስላይዱ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ታደርግና የማይክሮስኮፑን ባለ 100 ሌንስ ታዞርበታለች። ዘይቱ ምን ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1880 ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን አልጄሪያ ውስጥ በአንድ የታመመ ወታደር ደም ውስጥ የሚወራጩ ጭራ መሳይ ነገሮች አየ። የወባ ተሕዋስ ነበር። ብዙዎች ግን አላመኑትም። ሌንሱ ያለ ዘይት የሚሠራ ሲሆን የሚያጎላውም 400 እጥፍ ያህል ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጣሊያኖቹ ማርኪያፋቫና ቼሊ በዘይት የሚሠራ ሌንስ ሲጠቀሙ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የተቀመጠው ትንሹ ተሕዋስ ጥርት ብሎ ታየ።

ምስጢሩ ማጉላቱ ብቻ አይደለም። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይታጠፍና ከፊሉ ሌንሱን ይስታል። ዘይት ግን ብርሃንን የሚያጥፈው እንደ መስታወት ስለሆነ ብዙው ብርሃን ሌንሱ ውስጥ ይገባል። በዚህም የተነሳ በደረቁ ባለ 40 ሌንስ ሁለት ነጥቦች ተለይተው የሚታዩት 0.4 ማይክሮሜትር ገደማ ሲራራቁ ነው፤ በዘይቱ ግን 0.2 ገደማ ይበቃል። በደረቁ ሌንስ የተነሣውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ የቱንም ያህል ብትለጥጡት ብዥታው ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣውም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በአገራችን በብዛት የሚገኙት የወባ ዓይነቶች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው፤ ሕክምናቸውም አንድ አይደለም። ቫይቫክስ የገባበት ቀይ ሕዋስ ያብጣል፤ ፋልሲፓረም የገባበት ግን መጠኑ አይለወጥም። ታዲያ የፋልሲፓረምን ፎቶ ለጥጣችሁ ከሌላ ፎቶ ጎን ብታስቀምጡት፣ ሕዋሱ ያበጠ መስሎ ሊያሳስታችሁ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እዚያው ፎቶ ላይ ካለ ጤነኛ ጎረቤቱ ጋር ማስተያየት። ጤነኛ ቀይ ሕዋስ ስፋቱ 7 ማይክሮሜትር ተኩል አካባቢ ነውና ተፈጥሮ የሰጠችን ማስመሪያ ነው።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል።

ስለዚህ ሁለት የማይክሮስኮፕ ፎቶዎች ስታወዳድሩ «ስንት እጥፍ ጎልቷል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ምን ያህል ለይቶ ያሳያል? ማስመሪያውስ የት አለ?» በሉ።