የክትባት ሙከራ ጥሪ ሲደርስዎ፦ የአነጋገሩ ተጽዕኖ

የክትባት ሙከራ ማለት ገና ያልተረጋገጠ ክትባት ጉዳት ያስከትል እንደሆነ፣ በሽታውንም ይከላከል እንደሆነ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ የሚጣራበት ጥናት ነው። ሰው ለመሳተፍ ሲወስን ጥሪው የቀረበበት አነጋገርም ይስበዋል ወይም ያስፈራዋል።

አቃቂ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1997 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ጀምሮ ነበር፤ ከዓላማዎቹ አንዱ ወደፊት ለሚደረግ የኤች አይ ቪ ክትባት ሙከራ መዘጋጀት ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ለእርስዎ ወይም ለቤተሰብዎ ቢደርስ ቃላቱን ልብ ይበሉ።

<b>"ሙከራ" እና "ክትባት"</b>

"ሙከራ" ሲባል አንዳንዱ "መሞከሪያ ልሆን ነው" ብሎ ይሸሻል። "ክትባት" ብቻ ሲባል ደግሞ ጤና ጣቢያ ለልጆች እንደሚሰጠው የተረጋገጠ ይመስላል። ይበልጥ የሚያሰጋው ይህኛው ነው፤ "ተከትቤያለሁ" ብሎ ኮንዶም የተወ ሰው በቫይረሱ ሊያዝ ይችላል። በዚያ ላይ ከተሳታፊዎቹ ከፊሉ የሚወጉት ክትባት የሌለበት ማስመሰያ ሊሆን ይችላል፤ የትኛውን እንደተወጉ ብዙውን ጊዜ እነሱም ባለሙያውም አያውቁም።

<b>ቁጥሮች</b>

ቁጥርም እንደ አቀራረቡ ነው። በታይላንድ ከ16,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የኤች አይ ቪ ክትባት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲገለጽ ክትባቱ በቫይረሱ መያዝን "በ31 በመቶ ቀንሷል" ተባለ። ይኸው ውጤት እንዲህም ይነገራል፦ በየቡድኑ 8,000 ያህል ሰው ነበር፤ ማስመሰያ ከወሰዱት 74፣ ክትባቱን ከወሰዱት 51 ሰዎች ተያዙ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ብቻ ከተነገረዎት ሌላውን ይጠይቁ። "አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም" ከተባሉም ከመቶ ስንቱ እንደታመመና ሕመሙ ምን ያህል እንደጠና ይጠይቁ።

<b>ሳይፈርሙ በፊት</b>

የኤች አይ ቪ ክትባት ሙከራ ከሆነ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ክትባቱ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካላት እንዲያመርት ስለሚያደርግ፣ ቫይረሱ ሳይኖርብዎት የተለመደው ምርመራ "ፖዘቲቭ" ሊያሳይ ይችላል። ይህ በጋብቻ ወይም በውጭ አገር ጉዞ ጊዜ ችግር ያመጣል። ስለዚህ ቫይረሱን ራሱን የሚለይ ምርመራ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግልዎ በጽሑፍ ይቀበሉ።

የስምምነት ቅጹን ቤት ወስደው ከቤተሰብ ጋር ያንብቡት፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ገለልተኛ ምስክር ባለበት ሊነበብለት ይገባል። ከፈረሙ በኋላም በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት መደበኛ ሕክምናዎ ሊቋረጥ አይገባም።