ከ1,800 ሜትር መስመር በታች፦ የፎገራ ሜዳ ከወረቀት ወደ ሦስት አውታር የተሻገረበት ታሪክ

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ የጉማራን ወንዝ ይሻገራል፤ ወረታን አልፎም ወደ ርብ ድልድይ ያመራል። ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋና ኦሞ በጎርፍ በተመቱበት በዚያው ክረምት እነዚህም ወንዞች ከአፋፋቸው ወጥተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ አፈናቀሉ። ከዚያ ወዲህ ጎርፉን በኮምፒዩተር የማስላት ሥራ በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደ ርእስ ሆኗል። የዛሬው ገለጻዬ ከዚህ ስሌት በፊት ስለሚመጣው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ጠፍጣፋው ካርታ ውኃ የሚፈስበት ባለሦስት አውታር ሞዴል የሆነው እንዴት ነው? በለውጡስ ምን ጠፋ? የሚለው ነው።

ጣና በካርታ ላይ የሠፈረው ቀደም ብሎ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያኑ ማኑኤል ደ አልሜዳ የሠራው ካርታም ሆነ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1683 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካርታ ሐይቁንና ወንዞቹን ያሳያል። ይሁን እንጂ እነዚህ ካርታዎች የሚነግሩን የቦታን አቀማመጥ እንጂ ከፍታን አይደለም። ተራራው ሥዕል ነው፤ ሜዳው ባዶ ወረቀት ነው። ከእነርሱ ተነሥቶ የውኃን አካሄድ ማስላት አይቻልም።

ከፍታን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የማስፈር ብልሃት በአውሮፓ የጎለበተው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1774 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የሺሃሊየን ተራራ በስበት ኃይሉ የምድርን እፍጋት ለመለካት ሲመረጥ፣ የሒሳብ ሊቁ ቻርልስ ሃተን የተራራውን መጠን የማስላት ሥራ ተሰጠው። በእጁ የነበሩት በየቦታው የተለኩ የከፍታ ቁጥሮች ነበሩ። እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር ሲያገናኛቸው የተራራው ቅርጽ ታየው። ልብ እንበል፤ የከፍታ መስመር፣ ማለትም ኮንቱር፣ ገና ከመነሻው ለምሕንድስናና ለፊዚክስ ስሌት ያገለገለ መሣሪያ ነው። ከሁለት አውታር ወደ ሦስት አውታር የመሻገር ሥራ ከኮምፒዩተር በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዐባይ ተፋሰስ ዘመናዊ ቅየሳ የተጠናከረው በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካ የመሬት መልሶ ማልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ያካሄደው የዐባይ ተፋሰስ ጥናት በ1964 እ.ኤ.አ. ተጠቃለለ። የኢትዮ-አሜሪካ የካርታ ሥራ ተልእኮም ከ1963 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ቆየ። በኋላም በአገር ውስጥ የካርታ ሥራ ተቋም አማካይነት ባለ 1፡50,000 መጠነ ልክ ካርታዎች ተዘጋጁ።

የእነዚህን ካርታዎች አሠራር በጥሞና ብንመለከት አንድ የሚያስገርም ምልልስ እናገኛለን። ባለሦስት አውታሩ ምድር በአየር ፎቶግራፍ ጠፍጣፋ ይሆናል። ባለሙያው ሁለት ተደራራቢ ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አድርጎ በስቴሬዮስኮፕ ሲያያቸው ምድሩ እንደገና ከወረቀቱ ይነሣል። ከዚያ ባለሙያው በዚያ የተነሣ ምድር ላይ የከፍታ መስመሮችን እየተከተለ ይነድፋል፤ ምድሩም ዳግመኛ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ተማሪው መስመሮቹን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ ለሁለተኛ ጊዜ ያነሣቸዋል። በእያንዳንዱ ምልልስ አንድ ነገር ይጣላል፤ የተጣለው ደግሞ በሚቀጥለው እርምጃ አይመለስም።

በፎገራ የተጣለው ምንድን ነው? በባለ 1፡50,000 ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮቹ የተለመደ ርቀት 20 ሜትር ነው። የጣና የውኃ ገጽ ከፍታ ወደ 1,786 ሜትር ይጠጋል። ቀጣዩ መስመር 1,800 ነው። እንግዲህ ጎርፍ በየዓመቱ የሚተኛበት የሜዳው ዝቅተኛ ክፍል በሐይቁ ዳርና በአንድ መስመር መካከል ባለ ባዶ ቦታ ውስጥ ይወድቃል። በዚሁ መጠነ ልክ በወረቀቱ ላይ 1 ሚሊሜትር በመሬት 50 ሜትር ነው። ስለዚህ ገበሬው በወንዙ ዳር የሠራው የ2 ሜትር ስፋት ያለው የአፈር ክትር በካርታው ላይ ከ1 ሚሊሜትር 4 መቶኛ እጅ ብቻ ይሆናል፤ ሊነደፍ አይችልም።

ኮምፒዩተሩ ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ አይተወውም። የሩሲያው የሒሳብ ሊቅ ቦሪስ ዴሎኔ በ1934 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ደንብ መሠረት ነጥቦችን በሦስት ማዕዘን መረብ ማያያዝ ይቻላል፤ ይህ ዘዴ በ1970ዎቹ ለመሬት ገጽ ሞዴል ዋለ። መረቡ በሐይቁ ዳርና በ1,800 መስመር መካከል ቀጥ ያለና ለስላሳ ተዳፋት ይዘረጋል። ውኃ በእውነተኛው ፎገራ የሚሄደው ግን በሌላ መንገድ ነው። ርብና ጉማራ ለዘመናት ደለል ሲያነጥፉ ኖረው አፋፋቸውን ከዙሪያው ሜዳ ከፍ አድርገዋል። የጉማራ ወለል በመለኪያ ጣቢያው አካባቢ በ50 ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ጨምሯል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከአፋፉ የወጣ ውኃ ወደ ወንዙ አይመለስም፤ ወደ ሸሸርና ወላላ ረግረጎች፣ ወደ ሩዝ ማሳውና ወደ መንደሩ ይሄዳል። በለስላሳው ሞዴል ላይ ግን ውኃው በእርጋታ ወደ ሐይቁ ይንሸራተታል። ስሌቱ ትክክል ሆኖ መልሱ ስሕተት ይሆናል።

የጠፈር መረጃ ይህን ችግር ፈትቶታልን? በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኤንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ የአብዛኛውን ዓለም ከፍታ በራዳር ለካች። ለእኛ በመጀመሪያ የደረሰን የ90 ሜትር ዓይን ያለው መረጃ ነበር፤ የ30 ሜትሩ ለአፍሪካ የተለቀቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ለጉና ቁልቁለት ታላቅ ስጦታ ነው። ለሜዳው ግን ከፍታው የሚመዘገበው በሙሉ ሜትር ነው፤ ዛፍና ጣሪያም እንደ መሬት ይቆጠራል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ ቤትን ከማሳ፣ ሰውን ከከብቱ በሚለይበት አገር የአንድ ሜትር ደረጃ ትንሽ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ። የተፋሰስ ጥናት የሚያካሂዱ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ እርምጃቸው በገጹ ላይ ያሉትን ጎድጓዶች መሙላት ነው፤ ውኃው ሳይቋረጥ እንዲፈስ ይፈለጋልና። በተራራማ አገር ጎድጓድ አብዛኛውን ጊዜ የመረጃ ስሕተት ነው። በፎገራ ግን ጎድጓዱ ሸሸር ነው፤ ጎድጓዱ ወላላ ነው። ተማሪው አንድ ቁልፍ ሲጫን የጎርፉን ማረፊያ ከምድር ገጽ ያጠፋል።

የፍሰቱ ሕግ ራሱ አርጅቷል እንጂ አልተለወጠም፤ ሳን-ቬናን እኩልዮሾቹን ያቀረበው በ1871 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ዘንድ በስፋት የሚሠራበት ሄክ-ራስ የተባለው ፕሮግራም በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በወንዙ አግድም የተለኩ ቁርጦችን እያያዘ ያሰላ ነበር፤ በሜዳ ላይ በሁሉም አቅጣጫ የሚሄድን ውኃ ማስላት የጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው እትሙ ነው። የማስላት ዐቅማችን በየዓመቱ ሲያድግ የከፍታ መረጃችን በዚያው ፍጥነት አላደገም። ውብ ቀለም የተቀባ የጎርፍ ካርታ ይህን ጉድለት ሸፍኖ፣ ማን ይነሣ፣ ክትሩ የት ይሠራ በሚለው ውሳኔ ፊት ይቀርባል።

ከርብ ግድብ በኋላ ጉዳዩ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ የአፈርና የድንጋይ ግድብ ከሜዳው በላይ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታቀደ ነው። በታችኛው ሜዳ የሚኖረው ሰው የውኃው መውጫ የት እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ ታሪክ ሦስት የሥራ ልማዶችን እንድትወስዱ እሻለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ሞዴል ሲቀርብ የከፍታው ምንጭ፣ ዘመኑና የመስመሮቹ ርቀት አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የወንዙ አፋፍ፣ ክትሩ፣ የመንገዱ ሙሌትና ቱቦው በቅየሳ ተለክተው በመረቡ ውስጥ እንደ ማይጣስ መስመር ይግቡ፤ ጎድጓድም ሳይጣራ አይሞላ። ሦስተኛ፣ ወደ ገበሬው ሂዱ። በ1998ቱ ጎርፍ ውኃው የደረሰበትን ልክ በቤቱ ምሰሶ ላይ የሚያሳይ አባወራ ከጠፈር የማይታይ የከፍታ መረጃ ይዟል። ያንን ምልክት በመሣሪያ ለክታችሁ ከሞዴሉ ውጤት ጋር ካላመሳከራችሁ፣ በሦስት አውታር ያቆማችሁት ነገር ያው የቀድሞው ባዶ ወረቀት ነው።