የጋሥጫው ሊቅና የእኛ ልጆች

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ልጃችሁን ትምህርት ቤት የላካችሁት ለምንድን ነው? «ነገ ጥሩ ሥራ እንዲይዝ» ትሉኛላችሁ። ክፉ አይደለም፤ እኔም ስጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ከእኛ በፊት በዚህ አገር ልጅ ያስተማሩ ክርስቲያኖች ግን መልሳቸው ሌላ ነበር።

እስቲ ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ወደ መካነ ሰላም እንሂድ። ዛሬ ከተማዋ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት። ከ600 ዓመት በፊት ግን በዚያው በቦረና ምድር፣ በጋሥጫ፣ አባ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። አባታቸው የቤተ መንግሥት ካህን ነበሩና ልጃቸውን ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰደዱት። ታዲያ ገድላቸው ምን ይላል መሰላችሁ? ልጁ ትምህርት አልገባው አለ። ዓመታት አለፉ፣ አልያዘለትም። (ከዚያ በኋላ ገድሉ የሚተርከውን ሁሉ እኛ እንደማንቀበል ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ለክርክር አልመጣሁም።) ያ ልጅ አድጎ በ1424 እ.ኤ.አ. «መጽሐፈ ምሥጢር»ን ጽፎ ጨረሰ። ስለ ሥላሴና ስለ ቃል ሥጋ መሆን ለተሳሳቱት ሁሉ መልስ የሚሰጥ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ዛሬ ቢሆን ልጁን ገና ድሮ «ይህ ሰነፍ ነው» ብለን ከክፍል አውጥተነው ነበር።

የዚያ ትምህርት አካሄድ እንዴት ነበር? ልጁ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደል ይለያል። ከዚያ የሚሰጠው የመጀመሪያ ማንበቢያ የቀበሮና የዝንጀሮ ተረት አይደለም፤ የሐዋርያው የዮሐንስ መልእክት ነው! መጀመሪያ በቁጥር ንባብ እየነጠለ፣ ቀጥሎ በግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ ያንኑ ቃል ደጋግሞ እስኪዋሐደው ድረስ። ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ይደግሱለታል።

የገፋበት ደግሞ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። የቦረና ልጅ ቅኔ ከፈለገ ወይ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፣ ወይ ወደ ሰሜን ወደ ዋድላ ይወጣል። ቅኔ ቤት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። እስከዚያ የተሰጠውን ሲቀበል የኖረ ልጅ አሁን ከራሱ ማፍለቅ አለበት፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ። የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ የሚሰማው የለም። መጨረሻ ላይ መጽሐፍ ቤት ገብቶ ትርጓሜ ይማራል። እንግዲህ አስቡት፤ መጀመሪያ ቃሉ ወደ አፍ ገባ፣ ከዚያ አእምሮ ተሳለ፣ ከዚያ መጽሐፍ ተፈታ። ሁሉም የሚያልቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ምስጋና ላይ ነው። በእርግጥ ሹመትና መሬት የፈለገም አልጠፋም፤ ሰው ነው።

የጥንት የአውሮፓ ክርስቲያኖችም ልጅን በሰዋስው ጀምረው በሙግት አልፈው በአንደበት ጥበብ ነበር የሚያሳድጉት። ዶረቲ ሴየርስ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ በ1947 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ «ይህን መሣሪያ ጥለነዋል» የሚል ንግግር አደረገች፤ ዛሬ በአሜሪካ ብዙ አማኞች በዚያ መንገድ ትምህርት ቤት ይከፍታሉ። እኛ ግን ከደጃችን ያለውን እንኳ አላየነውም።

ለምን አላየነውም? ምክንያት ነበረን። ቋንቋው ግእዝ ነበር፤ ገበሬው አይሰማውም። ሴት ልጆች በአብዛኛው ደጅ ቀሩ። ዳዊትን እንደ ውኃ እያፈሰሰ አንዱን ቁጥር እንኳ የማይፈታ ስንት ሰው አለ! ቃሉ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ይድረስ አልን፤ ልክ ነበርን፣ ዛሬም ልክ ነን። ነገር ግን ያን ቃል በአማርኛ ማን ሰጠን? አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት። አሥር ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። አዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። የቀደሙት ወንጌላውያን ያነበቡት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ፍሬውን በልተን ዛፉን ንቀናል።

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለ። አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ዘረፈው፣ 350 ያህሉ የብራና መጽሐፍ ለንደን ሙዚየም ገባ። ብራናው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። በየኔታ ደረት ውስጥ ያለው ዳዊት ግን አይጫንም፤ እሱ እዚያው ቀረ።

የእናንተ የት ነው ያለው? ስልካችሁ ላይ አይደል? ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ መጻሕፍትን ያወቀው አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ ስላሳደጉት ነው፤ ስልክ አልነበራቸውም።

የራሴን ልናገር። በአንድ የቤት ኅብረት ላይ መዝሙር 23ን እያነበብኩ መብራት ጠፋ፣ ስልኬም ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ። አገልጋይ ነኝ እኮ! ሦስተኛው ቁጥር ላይ ቆምኩ። ልጆች ይስቃሉ። ጥግ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ወንድም፣ በልጅነታቸው የኔታ ደጅ የተማሩ፣ በጨለማው ውስጥ በግእዝ ተቀበሉኝ፤ እሳቸው ዘንድ ቁጥሩ 22 ነው። እስከ መጨረሻው ወረዱት። ከዚያ ተመልሰው ለልጆቹ ቃል በቃል በአማርኛ ፈቱላቸው። መብራቱ ሲመጣ ማንም አላስተዋለም።

ቤት ስንገባ ልጄ «አባዬ፣ እኛም እንደሳቸው እንያዘው» አለኝ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ እንለዋለን። እሱ አምስተኛው ቁጥር ላይ ደርሷል፤ እኔ ገና አራተኛው ላይ እየጠፋብኝ ነው።