አብራሪዎች አንዱን አውሮፕላን ማረፊያ ከሌላው የሚያምታቱት እንዴት ነው?

አንድ አውሮፕላን ከታቀደለት መዳረሻ ይልቅ በአቅራቢያው በሚገኝ ሌላ ማረፊያ ላይ፣ አብራሪው ሳያውቀው የሚያርፍበት አጋጣሚ አለ። ክስተቱ እምብዛም የማይታይ ቢሆንም በ2006 ዓ.ም. ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተፈጥሯል።

ኅዳር 11 ቀን ምሽት አንድ ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን በአሜሪካ ዊቺታ ከተማ በማኮኔል የአየር ኃይል ሰፈር ፋንታ ጃባራ በተባለ ትንሽ ማረፊያ ላይ አረፈ። ታኅሣሥ 9 ቀን ወደ ኪሊማንጃሮ ይጓዝ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አሩሻ ላይ አረፈ። ጥር 4 ቀን ደግሞ ወደ ብራንሰን፣ ሚዙሪ ያመራ የሳውዝዌስት አውሮፕላን 1,140 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የጎረቤት ማኮብኮቢያ ላይ ወርዶ፣ መጨረሻው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆሟል። በሦስቱም የሞተ ሰው የለም።

ከእነዚህ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው የአሩሻው ነው። የኪሊማንጃሮ ማኮብኮቢያ 3,600 ሜትር ያህል ሲረዝም የአሩሻው በወቅቱ ከ1,700 ሜትር ያነሰ ነበር። ሆኖም ሁለቱም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ሲሆን መለያ ቁጥራቸውም 09 እና 27 ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው በኮምፓስ አቅጣጫ ስለሆነ፣ አቅጣጫ የሚያሳየው መሣሪያ ለብቻው ስህተቱን አይገልጥም። ርዝመትን ደግሞ ከሩቅ በዓይን መገመት አዳጋች ነው።

የስህተቱ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። አብራሪው ማኮብኮቢያውን በዓይኑ ካየ በኋላ ትኩረቱ ከመሣሪያዎቹ ወደ ውጭ ይዞራል። የሚጠብቀውን ያየ ሰው መጠራጠሩን ያቆማል፤ ልምድ ያለውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. በዛምቢያ ንዶላ የሆነው ሌላ ገጽታ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ያረፈው ግንባታው ባልተጠናቀቀ አዲስ ማረፊያ ላይ ነበር። በነባሩ ማረፊያ ያሉት ተቆጣጣሪዎች አውሮፕላኑን ሊያዩት አልቻሉም። አየር መንገዱ ስለ አዲሱ ግንባታ ለአብራሪዎች የሚተላለፍ ማሳሰቢያ አለመውጣቱን በወቅቱ ገልጿል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአብራሪው ላይ መጫን አይገባም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከ2006ቱ ክስተቶች በኋላ አብራሪዎች መዳረሻቸውን በመሣሪያ ጭምር እንዲያረጋግጡ አሳስቧል። ተቆጣጣሪዎችም አውሮፕላኑ ሊያምታቱ የሚችሉ ማረፊያዎችን እስኪያልፍ ድረስ የማረፍ ፈቃድ እንዳይሰጡ ሐሳብ አቅርቧል።