መለዋወጫ

«መለወጫ» እና «መለዋወጫ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ዘመን መለወጫ ሲባል አሮጌው ይሄዳል፣ አዲሱ ይገባል፤ በዚያው ያበቃል። «ዋ» ስትጨመር ግን ግሱ «ለዋወጠ»፣ «ተለዋወጠ» ይሆናል፦ ድርጊቱ ይደጋገማል፣ ወይም ከሁለት ወገን ይመጣል።

ነገሌ ቦረና ላይ አሮጌ ፒካፕ የሚያድስ መካኒክ ይህን ትርጉም በእጁ ያውቀዋል። ከአንዱ መኪና ወጥቶ በሌላው የማይገባ ነገር ዕቃ እንጂ መለዋወጫ አይደለም።

ላንድክሩዘርን እንውሰድ። 75 የሚባለው ፒካፕ ከፊት ባሌስትራ አለው፤ ቸርኬውም በ6 ብሎን ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተካው 79 ግን የፊቱ ሞላ፣ ብሎኑም 5 ሆነ። ስለዚህ የ79 ቸርኬ ለ75 አይሆንም። ሞተር ላይ ነገሩ ይቀላል፤ 4.2 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ዋን ኤች ዜድ፣ በሁለቱም ላይ ተገጥሟል። ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የሚጠራው «ካምቢዮ» እንኳ በምንጩ በጣሊያንኛ ለውጥ፣ ልውውጥ ማለት ነው።

ዕቃው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው የመርካቶ ሶማሌ ተራ ሲመጣ፣ የተሳሳተ ቸርኬ የደርሶ መልስ የጭነት ዋጋ ያስከፍላል። አንባቢ ሆይ፣ ሲያዙ የመኪናውን ስም ብቻ አይናገሩ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ይላኩ።