ዞሮ ዞሮ ከቤት?

አንድ ቁጥር ያዙ፤ ገልብጡና ደምሩበት። 56 ላይ 65 ቢደመር 121 ነው፤ ከግራም ከቀኝም ቢያነቡት ያው። 89 ግን አድካሚ ነው፤ 24 ጊዜ ተገልብጦ ተደምሮ ነው 8,813,200,023,188 ላይ የሚያርፈው። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሏል ይሄ ነው።

196ስ? አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ጆን ዎከር በነሐሴ 1987 እ.ኤ.አ. ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ይህን እየገለበጠ እንዲደምር አዘዘው። በግንቦት 1990፣ ከ2,415,836 ድምር በኋላ፣ አንድ ሚሊዮን አኃዝ ደርሶ ቆመ፤ ቤቱ ግን አልገባም። ሌሎች እስከ ቢሊዮን አኃዝ ገፉት፤ ያው ነው። ሆኖም «አይገባም» ብሎ በማስረጃ የረታ የሒሳብ ሰው እስካሁን የለም።

እኛ ሁለት ቀን ፈልገን ያጣነውን «የለም» ብለን እንፈርማለን። የሦስት ዓመት ግድም ልፋት ለዎከር ያስገኘለት ግን «አላገኘሁም» የማለት መብት ብቻ ነው።